ሳላነበው የፈረምኩበት ወረቀት

ለማልረሳህ ባለቤቴ ለፈንቴ፤

ከተለያየን ዓመት ከአምስት ወር ሞላ። በር በተንኳኳ ቁጥር አንተ ነህ ብዬ የምነሣ ሴት አይደለሁም፤ አፈር ስትለብስ ቆሜ አይቻለሁ። ግን የሚያስጨንቅ ነገር ሲገጥመኝ «ይህን ለማን ልንገረው?» ስል አሁንም ቀድሞ የሚመጣብኝ ያንተ ፊት ነው። ዘንድሮ የገጠመኝ ደግሞ ለጎረቤት የሚወራ አይደለም፤ ለወንድምህም ነግሬው አልቀለለኝም። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት በተማርኳት ፊደል፣ አንተ «የዶሮ ጭረት» እያልክ ትስቅባት በነበረችው ጽሕፈቴ እጽፍልሃለሁ። ጽሕፈቷ አልተሻሻለችም። ታግሠህ አንብባት።

ቤታችን እንዳለ ነው። ያው ሰፈራችን ጊቫት ኦልጋ፣ ያው ሦስተኛ ፎቅ፤ በመስኮቱ ያው የመብራት ማመንጫው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ። የስፌት መኪናህ መስኮቱ ሥር ናት፤ ከባሕሩ በኩል የሚመጣው እርጥበት እንዳያዝጋት ጨርቅ አልብሼ በየሳምንቱ ዘይት እቀባታለሁ። እኔ ጋን ሽሙኤል ካለው የጭማቂ ፋብሪካ ገብቻለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ብርቱካን እለያለሁ። ሥራው ወገብ ይይዛል እንጂ ክፉ አይደለም። ዕብራይስጤ ግን አንተ እንደተውካት ናት። «ሻሎም»፣ «ቤሴደር»፣ «ቶዳ»፤ ሰላም፣ እሺ፣ አመሰግናለሁ። በነዚህ ሦስት ቃላት ዓመት ከአምስት ወር ኖርኩ። ቀድሞ የምትናገርልኝ አንተ ነበርክ። ካንተ በኋላ አፌ ልጃችን ትርንጎ ሆነች። ባንክ ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ እኔ ልጄን ይዤ ሳይሆን ልጄ እኔን ይዛኝ ትሄዳለች። ጭንቄ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ልጅህ አሥራ አምስት ዓመት ሆናት። አንተ ስትሄድ ትከሻዬ ጋ ነበረች፤ አሁን ከላይ ሆና ታየኛለች። «ታየኛለች» ማለቴ ቁመቷን ነው እንጂ ሰው ቀና ብሎ ማየትስ አልለመደባትም ነበር። እሱን እመጣበታለሁ።

እዚህ እስራኤል ዘጠነኛ ክፍል ሲያልቅ ልጆቹ ይከፋፈላሉ። አንዱ ሒሳብና ሳይንስ ወዳለበት፣ አንዱ ወደ እጅ ሙያ ይሄዳል፤ የገባህበት ክፍል ኋላ የምትሆነውን ይወስናል። ይህን አላውቅም ነበር፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም። ከፑሪም በዓል በኋላ የወላጆች ቀን ነው ተብዬ ተጠራሁ። ከሥራ መልስ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ትርንጎ እየመራችኝ ሄድኩ።

የጠራችኝ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ናት። ልጆቹ ምን ቢማሩ እንደሚሻላቸው የምትመክር፣ ችግር ሲኖርም የምታነጋግር ሴት ናት። ፀጉሯን ያሳጠረች፣ ሰው ስታናግር ወደ ፊት ዘንበል የምትል። ብዙ ተናገረች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተናገረች፣ ወደ ትርንጎ ጠቆመች፣ ወደኔ ዞራ ቀስ ብላ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ። እኔ ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ትርንጎ መሬት መሬቱን ስታይ ቆየችና «ጎበዝ ናት፣ ጠባይዋም ጥሩ ነው ትላለች» አለችኝ።

«ይህን ሁሉ አውርታ ይቺን ብቻ ነው ያለችው?» አልኳት።

«አዎ እማ። እዚህ ጋ ፈርሚ።»

ፈረምኩ፣ ፈንቴ። አንተ አንድ ክር ሳትፈትሽ ጨርቅ የማትገዛው ሰው፣ ሚስትህ ያላነበበችው ወረቀት ላይ ፈረመች። ፈርሜም ጎንበስ እያልኩ «ቶዳ፣ ቶዳ» ብዬ ወጣሁ። ምን አድርጋልኝ እንዳመሰገንኳት ያወቅኩት ከፋሲካ በኋላ ነው።

የነገረችኝ ራሄል ናት። ራሄል በትምህርት ቤቱና በኛ በወላጆች መካከል እየተመላለሰች የምታገናኝ የኛው ልጅ ናት፤ ሕፃን ሆና በሱዳን በኩል የመጣች፣ ዕብራይስጡንም አማርኛውንም አጥርታ የምትናገር። ማክሰኞ ማክሰኞ በሰፈሩ ማእከል፣ በመትናሱ፣ ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ልጆች ትምህርት ትሰጣለች። ሙያ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ለቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ የማያውቁትን ሰው እንዴት እንደሚያናግሩ፣ ያልገባቸውን ሳያፍሩ «አልገባኝም» ማለትን ታስተምራቸዋለች። አንድ ቀን ቤት መጣችና «እትዬ እንጉዳይ፣ ትርንጎ ተመዝግባ ነበር፤ ለምን ቀረች?» አለችኝ። እኔ እንኳን መቅረቷን መመዝገቧንም አላውቅም ነበር።

«ጠይቄያት "ለኔ አያስፈልገኝም፣ ስፌት ክፍል ተመድቤአለሁ" አለችኝ» አለች ራሄል። «እርስዎ እኮ ፈርመዋል።»

ራሄልን እንኳ ቁጭ በይ ማለት ረሳሁ።

ትርንጎ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ያዝኳት። «ያቺ ሴት ያን ቀን ምን ነበር ያለችው? ሳትቀንሺ ንገሪኝ» አልኳት። ከዚያ እዚያው በሩ ላይ ቆማ እንባዋ ወረደ።

«"ልጅሽ አታወራም" ነው ያለችሽ። "ስትጠየቅ አንገቷን ትደፋለች፣ ማንንም አታይም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤት ውስጥ ችግር አለ ወይ? አንቺስ ደህና ነሽ ወይ? ከባድ ትምህርት ከምናሸክማት ቀለል ያለ ሙያ ትያዝ" ነው ያለችሽ። በቤታችን ነውር ያለ አስመስላ ነው የጠየቀችሽ፣ እማ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አንቺ ደግሞ ፈገግ እያልሽ ታዪያት ነበር።»

ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ተውኩት። ለኔ ክብር ብላ የራሷን ነገር ጥላዋለች። ስፌቱን ወድደሽው ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች። «ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ይህን ጥያቄ በአሥራ አምስት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ከኔ የሰማችው። እኔም ከአፌ ሲወጣ ነው ያወቅኩት።

ቦርሳዋን ከፈተችና ደብተሯን ሰጠችኝ። ከኋላ ገጾቹ ላይ ቤቶች ሥላለች። ፎቃችን ከላይ ሲታይ፣ ደረጃው፣ የጎረቤት በረንዳ፣ ሁሉም በማስመሪያ ተሰምሮ ልኩ ተጽፎበታል። በትምህርት ቤቱ የሕንፃ ንድፍ የሚያስተምር ክፍል አለ፤ ሒሳብ ይጠይቃል፤ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መናገር ይጠይቃል። «መናገሩን ስሰማ ተውኩት» አለችኝ።

ፈንቴ፣ ያን ጊዜ የመጣብኝ የጎንደሩ ሱቃችን ነው። የዚያን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስትሰፋ ታስታውሳለህ? ጨርቁ አይበቃም ብለህ ራስህን ይዘህ ተቀምጠህ ሳለ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ከወለሉ ላይ ተነሥታ «አባ፣ የትልልቆቹን ቅድ ገልብጠህ ከትንንሾቹ አጠገብ ብታስተኛውስ?» አለችህ። ገልብጠህ አስተኛኸው። ግማሽ ጣቃ ተረፈ። ዞረህ አየኸኝ፤ አንዳች አልተናገርክም። ያን ሰሞን ግን የስፌት መኪናዋ ላይ ልትቀመጥ ስትል «ተነሽ፣ እዚህ አትቀመጪ» ብለህ አስነሣሃት። መርፌው እንዳይወጋት ፈርተህ ነው? ወይስ ሌላ ነገር አስበህላት? አልጠየቅኩህም። አሁን ብጠይቅህ የሚመልስልኝ የለም። ይኸው ያስጨንቀኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ታላቅ ወንድምህ አያ ብርሃኑ ሊጠይቁን መጡና ነገርኳቸው። «ስፌት ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?» አሉኝ። «ወንድሜ በስፌት አይደለም ወይ አንቺንም ልጂቱንም ያኖረው?»

«ነውር አላልኩም፣ አያ ብርሃኑ» አልኳቸው። «ብትመርጠው መኪናዋ ይቻት፣ ዘይት ቀብቼ አስቀምጬላታለሁ። ግን አልመረጠችም። ሌላ ሰው አንገቷን አይቶ ነው የመረጠላት።»

«ከዚያ ክፍል አውጥተሻት ወደ ንድፉም ባትገባስ?»

እሳቸው የፈሩት እኔም የፈራሁት ነው። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው «እሱ ቢኖር ምን ይል እንደነበር እኔም አላውቅም» አሉኝ።

በማግሥቱ እሑድ፣ እዚህ የሥራ ቀን ነውና፣ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቄ ከራሄል ጋር ወደ አማካሪዋ ሄድኩ። ትርንጎን ሆን ብዬ ክፍሏ ተውኳት፤ ልጅ የገዛ ራሷ ነገር አስተርጓሚ መሆን የለባትም። ከፋብሪካው አለቃ ጋር እንኳ ቀና ብዬ የማላወራ ሰው፣ የተማረች ሴት ፊት ተቀምጬ ፊርማዬን መልሱልኝ ልል ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር ከቤት ጀምሮ ስደጋግመው ነበር፤ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ።

እንዲህ አልኳት፤ ራሄል እየተረጎመች። «ልጄ አንገቷን የምትደፋው ታማ አይደለም። እኔ አስተምሬአት ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይን ዓይኑን ማየት ንቀት ነው ብዬ፣ ሳይጠይቁሽ አትናገሪ ብዬ፣ ቆንጥጬ አስተምሬአታለሁ። በኛ ዘንድ እንዲህ ያለች ልጅ ጨዋ ትባላለች፤ እናቷም ትመሰገናለች። እናንተ ዘንድ ሌላ መሆኑን የነገረኝ የለም። ስሕተት ካለ የኔ ነው፤ ቅጣቱ ለምን በሷ ይሁን?»

አማካሪዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ፈንቴ፤ ልንገርህ፣ ዓይኗ ውኃ አዝሎ ነበር። «ያዘነች ልጅ መስላኝ ነበር። ላቅልላት ብዬ ነው» አለች። ከዚያ ግን ፊቷ ተመልሶ የሥራ ፊት ሆነ። ወረቀቱ ሊቀደድ ይችላል አለች። ትርንጎ የሒሳብ ፈተና ወስዳ የንድፍ ክፍሉ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች፤ ግን ብቻዋን ገብታ በራሷ አፍ መናገር አለባት፤ ማንም አይረዳትም። ኮሚቴው ካልተቀበላት ደግሞ እስከዚያ የስፌቱ ክፍል ይሞላል፤ የሚቀረው ሩቅ ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው።

አዳሪ ሲባል ራሄል ቃሉን ከመተርጎሟ በፊት ገባኝ። ከሰፈራችን የሄዱትን ልጆች አውቃለሁ። ካንተ በኋላ እሷም ብትሄድ ያ ቤት ምን ሊሆን ነው? በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ራሴን ጠየቅኩ፤ የስፌቱን ነገር እንዳለ ብተወው ቢያንስ ማታ ማታ አብራኝ ትበላለች። ልጄ ከእጄ እንዳትወጣ ብዬ ዝም ልበል? እውነቱን ልንገርህ፣ ዝም ልል ትንሽ ነው የቀረኝ።

«ቅደዱት» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው አንድ ወር እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ምግብ አልበላ አለኝ። ትርንጎ ማክሰኞ ማክሰኞ መትናስ መሄድ ጀመረች፤ ራሄል የምታስተምራቸውን እየመጣች ትነግረኛለች። አንድ ቀን ራሄል እኔንም ጠርታ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ፤ «እዚህ አገር ሰው ዓይኑን እያዩ መናገር ድፍረት አይደለም፤ "እየሰማሁህ ነው" ማለት ነው። ትርንጎ የቤቷን ሥርዓት እንድትጥል አልነግራትም። አያ ብርሃኑ ሲመጡ ትነሣለች፣ ትሰግዳለች። እዚያ ስትገባ ደግሞ ቀና ትላለች። ሁለቱንም ማወቅ ትችላለች። እርስዎ ግን ይርዷት፤ በእርስዎ ላይ ካልተለማመደች በማን ላይ ትለማመዳለች?»

የጥያቄዎች ወረቀት ሰጠችኝ፣ በአማርኛ የተጻፈ። ከሥራ ስመለስ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ዳር እቀመጣለሁ፤ ትርንጎ በሩን አንኳኩታ ትገባለች፤ እኔ ኮሚቴው ነኝ። መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«ስምሽ ማነው?» አልኳት።

«ትርንጎ» አለች ወደ ጠረጴዛው።

«ቀና በይ።»

ቀና አለች። አየችኝ። ፈንቴ፣ ዓይኗ የማን እንደሆነ ታውቃለህ? ዳር ዳሩ ፈዘዝ ያለው ቡናማ፣ ያንተ ነው። ጡት ካስጣልኳት ወዲህ እንዲያ ፊት ለፊት አይታኝ አታውቅም፤ አይቼያትም አላውቅም። ፊቴ ጋለ። እጄ ሊነሣባት ሁሉ ፈለገ፤ ልማድ ክፉ ነው። ዓይኔን መጀመሪያ የሰበርኩት እኔ ሆንኩ። «እማ፣ አንቺ ነሽ እኮ መሬት የምታይው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም ነን የተማርነው።

ሌላ ጥያቄ ላይ ተሰናከልን። «በምን ጎበዝ ነሽ?» ይላል ወረቀቱ። «በምንም» ትላለች። ደግሜ ብጠይቃት «በምንም»። ራሷን ማመስገን ከብዷታል፤ እኔስ ራስሽን አመስግኚ ብባል ምን እላለሁ? ሦስት ቀን በዚህች ጥያቄ ተቀመጥን። ኋላ «ራስሽን አታመስግኚ፤ ያደረግሽውን ብቻ ተናገሪ» አልኳት። «ምን አደረግኩ?» አለችኝ። የዩኒፎርሙን ነገር ነገርኳት። ረስታዋለች። ግማሽ ጣቃ ማትረፏን፣ አንተም ዞረህ እኔን ማየትህን ስነግራት «አባ ምን አለ?» አለችኝ። ምንም አላለም አልኳት። አንገቷን ደፍታ ቆየች፤ ያን ጊዜ ቀና በይ አላልኳትም።

የሒሳቡን ፈተና ወሰደች። ሳምንት ቆይቶ የኮሚቴው ቀን ደረሰ። ሙቀቱ የጀመረበት ሰሞን ነው፤ ሀደራ ከተማ መሐል አውቶቡስ ስንቀይር ትርንጎ ሸሚዟ በላብ እንዳይነካ ክንዷን ከጎኗ ለያይታ ቆማለች። ሸሚዙን የሰፋሁላት እኔ ነኝ፣ ባንተ መኪና፤ አንገትጌው ትንሽ ዘመም ብሏል፣ ይቅር በለኝ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ማንን አገኘን? አያ ብርሃኑን። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ከኛ በፊት ደርሰዋል። ማን ነገራቸው? አልጠየቅኳቸውም። ትርንጎ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ብድግ አደረጓትና «ዛሬ ለኔ አትጎንበሺ፤ ወገብሽን አጽኚ» አሏት።

ገባች። እኔና እሳቸው ኮሪደሩ ላይ ካለች አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። ከሙቀቱ የተነሣ በሩን ገርበብ አድርገውት ስለነበር ድምፅ ይሰማል። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አማካሪዋ አንዷ ናት። መጀመሪያ የነሱን ድምፅ እንጂ የሷን አልሰማሁም። አንድ ወንድ «ዮቴር ሀዛቅ» አለ፤ ከፍ አድርገሽ ማለት ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስለምሰማው አውቀዋለሁ። አሁን ዝም ትላለች፣ አሁን ትደፋለች እያልኩ የነጠላዬን ጫፍ ጠመዘዝኩት።

ድምፅ ሰማሁ። የልጄ መሆኑን ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። እየተንቀጠቀጠ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። «ጎንደር» የሚለውን ለየሁ። ወረቀት ሲገላበጥ ሰማሁ፤ የዩኒፎርሙን ቅድ በወረቀት እያሳየቻቸው ነው። የሆነ ሰው ሳቀ፣ የፌዝ ሳቅ አይደለም። ከዚያ አንዷ ሴት ጠየቀቻት፤ ከጥያቄው «አባ» የሚለውን ያዝኩ። ትርንጎም ከፍ ባለ ድምፅ፣ ጥርት አድርጋ መለሰች፤

«አባ ሼሊ ኻያት።»

አያ ብርሃኑ ወደኔ ዞሩ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። «አባ ሼሊ» አባቴ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የቀረው ቃል ግን በጆሮዬ ሕያው ሆኖ ነው የገባው። በኛም ሕያው ነው፣ በነሱም «ኻይ» ሲሉ ሕያው ማለታቸው ነው። አባቴ ሕያው ነው አለች! ዋሸች ወይስ ጨንቋት ሳታ ነው? አማካሪዋ መሞትህን ታውቃለች፤ እዚያው ተቀምጣለች። ውሸታም ተብላ ልትባረር ነው ብዬ ከወንበሩ ተነሣሁ። አያ ብርሃኑ ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ።

ስትወጣ ፊቷ በላብ ርሷል። ምን አሉሽ፣ እንዴት ሆነልሽ አላልኳትም። «ስለ አባትሽ ምን አልሽ? ለምን ሕያው ነው አልሻቸው?» አልኳት።

ግራ ተጋብታ አየችን፤ እኔንም እሳቸውንም። ከዚያ ገባት። «እማ፣ ኻያት ማለት እኮ ልብስ ሰፊ ማለት ነው! የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ልብስ ሰፊ ነው አልኳቸው።» ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ «"ነበር" ማለት ነበረብኝ፤ ረሳሁት» አለች።

አያ ብርሃኑ ወደ ግድግዳው ዞረው መሐረባቸውን አወጡ። እኔ እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ልጆች እየሮጡ በመካከላችን ሲያልፉ፣ ሳቅኩ ወይም አለቀስኩ፤ የቱ እንደነበር አላውቅም።

መልሱ በደብዳቤ መጣ፤ ሦስት ሳምንት አስጠብቀውን። ትርንጎ ፖስታውን ስትከፍት «ሳትቀንሺ፣ ሳትጨምሪ፣ እንዳለ አንብቢልኝ» አልኳት። አነበበችልኝ። የሒሳብ ፈተናዋ ጥሩ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን የምታስበውን ታስረዳለች። የንድፍ ክፍሉ ተቀብሏታል፤ እስከ ታኅሣሥ፣ እስከ ሐኑካ በዓል፣ በሙከራ። ውጤቷ ከወረደ ወደ ሌላ ክፍል ትዛወራለች። «በሙከራ» የሚለውን ስታነብ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን አልዘለለችውም። ከደስታዬ ይልቅ ይህ ነው ልቤን ያሞቀው።

ትምህርት ሊከፈት አምስት ቀን ቀርቶታል። በዚያ ክፍል የኛ ልጅ እሷ ብቻ ናት ይላሉ። እጇን አንሥታ ትጠይቅ ይሆን? ሲስቁባት ትደፋ ይሆን? ሐኑካ ቅርብ ነው። አዳሪ የሚለው ቃል አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም፤ ጠዋት ብርቱካኑ በፊቴ ሲያልፍ የበሰበሰው ከደህናው ጋር እያለፈብኝ አለቃው ይጮኽብኛል። አንተ ብትኖር ስሜን አቆላምጠህ «ጉዳዬ፣ ገና ያልመጣውን አታልቅሺለት» ትለኝ ነበር። አላለቅስም፤ ግን እፈራለሁ። መፍራቴን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ፊርማዬን ማስቀደዴ ልክ ይሁን ጥፋት ገና አላወቅኩም። ልጂቱ ግን አሁን ስታናግረኝ ታየኛለች። ይህን አውቃለሁ።

እኔም ራሄል ጋ ተመዝግቤ በሳምንት ሁለት ቀን የዕብራይስጥ ፊደል መማር ጀምሬአለሁ። ሳላነበው ከእንግዲህ አልፈርምም። ከስሜ ቀጥሎ ራሄል እንድትጽፍልኝ የለመንኳት ቃል ያ የኮሪደሩ «ኻያት» ነው፤ ደብተሬ ላይ ገጽ ሙሉ ገለበጥኩት። እዚህ አገር የማይሞላ ቅጽ የለም፤ የባል ስም፣ የባል ሥራ እያለ ይጠይቃል። እስከ ዛሬ ያን ቦታ ባዶ እተወው ነበር። ከእንግዲህ እኔም እስካለሁ ድረስ በገዛ እጄ «ኻያት» ብዬ እሞላዋለሁ። አንብቦ እንደኔ የሚሳሳት ካለ ይሳሳት፤ እኔ አላርመውም።

ያንተው፣ እንጉዳይ